ጥቅስና ምስክርነት፦ የሊቅ ሥራ በቤተ ልሔም ሚዛን



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ጥያቄ ይነሣል። የአንድ ሊቅ ሥራ በሌሎች ዘንድ ምን ያህል እንደ ሠረጸ በምን ይታወቃል? በዩኒቨርሲቲዎቻችን መልሱ ቍጥር ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ በ1964 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ኤች ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ አቀረበ። መለኪያው 10 የሆነለት ተመራማሪ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ሥራዎች አሉት ማለት ነው። ይህ ሚዛን የታተመውን ይመዝናል፤ በቃል የተላለፈውን ግን አያውቀውም።

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ሌላ ሚዛን አላት። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ በትውፊት ለ6ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ፣ የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት የሚያዳርስ የዜማ መጽሐፍ ነው። የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ስልቶች ቢኖሩም፣ ይበልጥ የተስፋፋው የቤተ ልሔም ነው። በሌላ ደብር ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉንና ድጓውን ለዓመታት የተማረ ደቀ መዝሙር፣ መምህርነቱ እንዲጸናለት ወደዚያ ሄዶ ዜማውን በመምህሩ ፊት አሰምቶ ይመሰከርለታል።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባ የድጓው ምልክት ነው። ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ይነገራል። ከመስመሩ በላይ ከሚጻፉት መካከል ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘትና የመሳሰሉት የድምፁን አካሄድ ያመለክታሉ። ደቃቅ ፊደላቱ ግን ከታወቀ ድርሰት ቃል የተወሰዱ ናቸው፤ «ይህ ስፍራ በዚያ ቃል ዜማ ይዜማል» ይላሉ። እንግዲህ ይህ ጥቅስ ነው። የእኛ ጥቅስ አንባቢውን ወደ መጽሐፍ መደርደሪያ ይልከዋል፤ የድጓው ጥቅስ ግን ወደ ቃል ትምህርቱ ይመልሰዋል። ዋናውን በቃሉ ያልያዘ ሰው ሊያነበው አይችልምና፣ ሳያውቁ መጥቀስ በዚያ ጉባኤ ቤት ቦታ የለውም።

በልዩ ልዩ መስክ የሠለጠነ ሊቅም የራሱ ስም አለው። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን የዘለቀው የትርጓሜ መምህር «አራት ዓይና» ይባላል። ስንት ጻፈ ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ከማን ተማረ፣ ማንንስ አወጣ ተብሎ ነው።

ይሁን እንጂ ይህም ሚዛን ጉድለት አለው። ድጓው ሁሉ በያሬድ ስም ስለሚጠራ፣ ከእርሱ በኋላ ሲያርሙ፣ ሲያሟሉና ሲገለብጡ የኖሩ መምህራን አብዛኞቹ ስማቸው አልተረፈም። ጌራና ራጉኤል ከጥቂቶቹ ናቸው። የዘመኑ ጥናትም ዝምታውን ሲያጸናው እመለከታለሁ፤ ዕድሜውን በዜማ ያሳለፈ መሪጌታ በጽሑፉ ውስጥ «መረጃ ሰጪ» ተብሎ ያልፋል፤ ጥቅሱ ለጸሐፊው ይቈጠራል።

የቍጥሩን መለኪያ እንጣለው አልልም፤ ሥራን ከወሬ ለመለየት ይረዳልና። የምለው፣ በዜማ፣ በቅኔና በትርጓሜ ላይ የምትጽፉ ሁሉ፣ መምህሩ ሲፈቅድ ስሙን፣ ጉባኤ ቤቱንና የተማረበትን መምህር እንደ ማንኛውም ደራሲ ጥቀሱ ነው። የትምህርት ክፍሎችም የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመዝኑ ይህን ይጠይቁ። ሊቅን ያለ ስሙ መጥቀስ ዕውቀቱን ወስዶ ምስክርነቱን መንፈግ ነው።