ሶፍትዌር እንዴት ይሰበራል? የኛ ልጆችስ ሥራቸውን በምን ይጠብቁ?

ቢቸና ወይም ሞጣ ኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ገብታችሁ «ፓወር ግዕዝ ጫንልኝ» ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፍላሽ ነው። ገዝቶት እንደሆነ አትጠይቁት። ሒሳብ ሠራተኞች ጋር ደግሞ ፒችትሪ አለ። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ካለው ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ጋር ግን የተሰበረው ኮፒ ዛሬም ደሞዝ ያሰላል።

ለመሆኑ ክራክ ምንድን ነው? ፕሮግራሙ ሲከፈት አንድ ነገር ያጣራል፦ የላይሰንስ ቁጥሩ ትክክል ነው ወይስ አይደለም? ሰባሪው ቁጥሩን መፈለግ እንኳ የለበትም። መልሱ ሁሌም «ትክክል» እንዲሆን ፋይሉ ውስጥ ጥቂት ባይት ይቀይራል፣ አለቀ። ሌላው ዘዴ ኪጄን ነው፤ ራሱ ቁጥር ያመርታል። ይሄ የሚቻለው ቁጥሩ የሚወጣበት ስሌት እዛው ሶፍትዌሩ ውስጥ ከተቀመጠ ነው።

ለኪጄን መድኃኒቱ ዲጂታል ፊርማ ነው። መፈረሚያው ቁልፍ ሠሪው እጅ ይቀራል፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባው ማረጋገጫው ብቻ ነው። ማኅተሙ ቀበሌ ሆኖ፣ ማኅተሙን የሚለይ ዘበኛ በር ላይ ቆመ በሉት። ዘበኛውን ማባረር ግን አሁንም ይቻላል፤ ፊርማ ክራክን አያስቆምም።

ክራክን በደንብ የሚያስቸግረው ዋናውን ሥራ ሰርቨር ላይ ማድረግ ነው። እሺ፣ ኔት ሲጠፋስ? በ2015 መጨረሻ አማራ ክልል ላይ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። በየቀኑ ሰርቨር ካላገኘ የማይከፈት ሶፍትዌር ቢሆን፣ ከፍሎ የገዛው ሰው ይቆለፍበታል፣ ክራክ የጫነው ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ለኛ አካባቢ የምትሠሩ ልጆች፣ ላይሰንሱ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር የታሰረና የተፈረመ ፋይል ይሁን። ያለ ኔት ወራት ይሥራ፣ ማደሻውም በፍላሽ መምጣት ይቻል። ፍላሹ ለአንዴ እንኳ ለሠሪው ይጥቀም እንጂ!

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሶፍትዌርን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል። «ለግሌ ነው የገለበጥኩት» የሚለው ምክንያትም ለሶፍትዌር አይሠራም፤ በሕጋዊ መንገድ የያዘው ሰው መጠባበቂያ ኮፒ መያዝ ግን ይችላል። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ በእስራት ሊቀጣ ይችላል።

ቴሌግራም ላይ የምታወርዱት ክራክ «መጀመሪያ አንቲቫይረስ አጥፉ» ካላችሁ ደግሞ ቆም በሉ። የተቀየረ ፋይል ውስጥ ሌላ ምን እንደተጨመረ የሚያውቀው የቀየረው ሰው ብቻ ነው። በዚያው ኮምፒውተር ደግሞ ኢሜይላችሁን ትከፍታላችሁ።