የዲስክ ሕመም እንዴት ታወቀ?

ከወገብ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚወርደው ሕመም ከጥንት ጀምሮ ከሰው ልጅ ጋር የኖረ ነው፤ ዋነኛ መንሥኤው በሰፊው የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1934 ነው።

ነገሩ ቀደም ብሎም ታይቶ ነበር። በ1909 በበርሊን ከተማ ኦፐንሃይምና ክራውዘ የተባሉ ሐኪሞች ከአንድ በሽተኛ አከርካሪ ውስጥ ነርቭ የሚጫን ቁራጭ በቀዶ ሕክምና ማውጣታቸውን ገለጹ። በሽተኛው ቢሻለውም ቁራጩ «ዕጢ» ተብሎ ተመዘገበ። ከሩብ ምእት ዓመት በኋላ በቦስተን ሚክስተርና ባር የተባሉ ሐኪሞች በዕጢነት የተመዘገቡ ቁራጮችን እንደገና መርምረው፣ ብዙዎቹ ከዲስክ የወጡ መሆናቸውን አስረዱ።

ዲስክ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚገኝ ትራስ ነው። የውጭ ቀለበቱ እንደ መኪና ጎማ ክር እየተመሳቀሉ በተደራረቡ ጠንካራ ጭረቶች የተሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ውሃ የበዛበት ዝልግልግ አካል ይገኛል። ቀለበቱ በዕድሜና በጭነት ሲሰነጠቅ የውስጡ አካል ወደ ኋላ ወጥቶ የነርቩን ሥር ይጫናል፤ ያስቆጣዋልም። ስለዚህ በተለምዶ «ዲስክ ተንሸራተተ» ቢባልም ዲስኩ ከቦታው አይንሸራተትም። ስዊድናዊው ሐኪም ናኬምሶን በ1960ዎቹ በዲስክ ውስጥ ያለውን ግፊት በመርፌ ለክቶ፣ ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማንሣት ግፊቱን እጅግ እንደሚጨምረው አሳየ።

ጭነት፣ ስንጥቅ፣ ሕመም፤ ይህ ሰንሰለት ለመሐንዲስ አእምሮ የሚስማማ ነው። መፍትሔውም የወጣውን ቆርጦ መጣል ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ በ1983 የኖርዌዩ ሐኪም ቬበር 126 በሽተኞችን ተከታትሎ እንደገለጸው፣ በአንደኛው ዓመት በቀዶ ሕክምና የታከሙት የተሻሉ ቢሆኑም ከአራት ዓመት በኋላ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። በ1994 ደግሞ በአሜሪካ ጀርባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች በኤም አር አይ ሲታዩ፣ 52 ከመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው።

በግድግዳ ላይ የታየ ስንጥቅ ሁሉ የመሠረት መናድ ምልክት አለመሆኑን በሙያችን እናውቃለን። ሐኪምም እንዲሁ ሥዕሉ ከሕመሙ አወራረድ ጋር መግጠሙን ያመሳክራል። የአብዛኞቹ በሽተኞች ሕመም በሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና እየቀለለ ይሄዳል። ነገር ግን እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ያኔ ስሕተቱ ዲስኩን ዕጢ ማለት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በሥዕል የታየውን ሁሉ የሕመም ምክንያት ማለት ነው። የኤም አር አይ ውጤቱን ይዞ በሥጋት የሚጠባበቅ ባልደረባችን ይህን ታሪክ ማወቁ ይጠቅመዋል።