«አታጥፉት፣ ይበላሻል» የሚለው ምክር ከየት መጣ?

ቤታችሁ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ካለ ይህን ክርክር ሳትሰሙት አትቀሩም። አንዱ «ስትጨርስ አጥፋው፣ ቆጣሪው ይሮጣል» ይላል። ሌላው «ተወው፣ ኮምፒውተር የሚበላሸው ሲጠፋና ሲበራ ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ ሁለተኛው ሰው ዝም ብሎ የሚያወራ እንዳይመስላችሁ። የሚለው ነገር በአንድ ወቅት ትክክል ነበር። ችግሩ ምክሩ የተሰጠው ለሌላ ዓይነት ማሽን መሆኑ ነው።

ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንመለስ። ቶሚ ፍላወርስ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በብሪታንያ ፖስታ ቤት የምርምር ጣቢያ ይሠራ ነበር (ያኔ እዚያ አገር ስልክም የፖስታ ቤቱ ሥራ ነበር)። የጀርመንን የሚስጥር መልእክቶች ለመፍታት ከ1,000 በላይ ቫኪዩም ቲዩብ ያለው ማሽን እሠራለሁ ብሎ ሲነሳ ብዙዎች ተጠራጠሩ። ቫኪዩም ቲዩብ ማለት አየሩ የወጣለት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ነው፤ ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል ክር አለው፣ እንደ ማብሪያ ማጥፊያም ያገለግላል። ቶሎ ቶሎ በመቃጠል ይታወቃል። ታዲያ ከሺህ ቲዩብ ውስጥ ሁልጊዜ አንዱ የተቃጠለ ከሆነ ማሽኑ መቼ ሊሠራ ነው?

ፍላወርስ ግን ከጦርነቱ በፊት በስልክ መሥመሮች ላይ ሲሠራ ያየው ነገር ነበር። ቲዩብን አብርታችሁ ከተዋችሁት ለረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ የሚጎዳው ማብራትና ማጥፋቱ ነው። ኮሎሰስ የተባለው ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ ብሌችሊ ፓርክ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ ሠራም።

ምክንያቱን ለመረዳት የድሮውን ባለክር አምፖል አስቡ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው መቼ ነው? ልክ ማብሪያውን ስትጫኑ! ክሩ ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው አነስተኛ ስለሆነ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከመጠን ያለፈ ከረንት ይገባበታል። በዚያ ላይ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ብታጥፉት መጨረሻ ላይ እንደሚበጠስ ማለት ነው።

በአሜሪካ የተሠራው ኤኒያክ ደግሞ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቲዩቦች ነበሩት። የሚፈጀው ኃይል 150 ኪሎዋት አካባቢ ነው፤ ከ40 በላይ የእንጀራ ምጣዶችን በአንዴ እንደመሰካት ቁጠሩት። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል ቲዩብ ይቃጠልበት ነበር፤ አብዛኛውም ማሽኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ። መሐንዲሶቹ ቲዩቦቹን ከአቅማቸው በታች አሠሯቸው፣ ማሽኑንም ማጥፋት ተዉ። በኋላ የተሻሉ ቲዩቦች ሲጨመሩ ብልሽቱ በሁለት ቀን አንድ ገደማ ሆነ። ይህ ትንሽ ስኬት እንዳይመስላችሁ፤ አስሉት። 18,000 ቲዩብ፣ በሁለት ቀን አንድ ብልሽት፣ በአማካይ ለአንድ ቲዩብ 36,000 ቀን ነው፤ መቶ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው! ኤኒያክ በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1947 እንደገና ከበራ በኋላ እስከ ጥቅምት 1955 ድረስ ሳይጠፋ አገልግሏል።

ከዚያ ትራንዚስተር መጣ። የሚግል ክር የለውም፤ በዚህ ብቻ ምክሩ መሞት ነበረበት። ግን ሃርድ ዲስክ ዕድሜ ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኤክስቲ 10 ሜጋባይት ዲስክ ይዞ ነበር (ዛሬ ጥቂት ፎቶ እንኳ አይበቃውም)። በእነዚህ ዲስኮች ውስጥ የምታነበው ጭንቅላት በምትሽከረከረው ሰሌዳ ላይ፣ በስስ የአየር ሽፋን ተንሳፋ ትሄዳለች። ሽክርክሪቱ ሲቆም ሰሌዳው ላይ ታርፋለች፤ ሲጀምር ደግሞ እየታሸች ትነሳለች። ስለዚህ ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ይሁን እንጂ ኋላ ላይ አምራቾች አንዳንዱን ዲስክ 50,000 ጊዜ ቆሞ እንዲነሳ አድርገው ይሠሩት ጀመር። በቀን አምስት ጊዜ ብታጠፉት እንኳ ከ27 ዓመት በላይ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙት ኤስኤስዲ ደግሞ ጭራሽ የሚሽከረከር ነገር የለውም።

ኤሌክትሪኩን ያየ ሰው ግን ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1992 ኢነርጂ ስታር የሚባለውን ምልክት ሲጀምር ቀድሞ የለጠፈው ኮምፒውተርና ሞኒተር ላይ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሰው የማያጠፋው ከሆነ ማሽኑ ራሱ ይተኛ። ዛሬ «ስሊፕ» የምንለው በቤት ኮምፒውተር ላይ የተለመደው በእነዚያ ዓመታት ነው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ዴስክቶፕ እንምጣ። ሥራ ፈትቶ 60 ዋት የሚወስድ ከሆነና በቀን 16 ሰዓት ዝም ብሎ ከበራ፣ በዓመት 350 ኪሎዋት ሰዓት ያህል በከንቱ ይሄዳል። እንደ እኔ ግን ትልቁ ጉዳይ ይህ አይደለም። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀት ያረጃሉ፤ መሐንዲሶች በግርድፉ የሚሠሩበት ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ፋኑም በዞረ ቁጥር ያልቃል፣ አቧራም ይስባል። ነገሩ ተገልብጧል ማለት ነው፤ ያኔ የሚገድለው ማጥፋት ነበር፣ ዛሬ የሚያስረጀው ማብራት ነው።

ለምሳና ለቡና ስትነሱ ስሊፕ ይበቃል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ግን ማታ ማታ አጥፉት፣ ከሶኬቱም ንቀሉት። ፋይል እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ ደግሞ የተሰካውን ሁሉ ያገኛል፣ የጠፋውንም ጭምር። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ «ሻት ዳውን» የሲስተሙን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚዘጋው፤ ስታበሩት እዚያው ካቆመበት ያነሳዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ካስቸገራችሁ አጥፍቶ ማብራት ላይበቃ ይችላል፤ «ሪስታርት» የሚለውን ተጫኑ።