«ጆንግ»፡ የቻይንኛው የቦታ ቃልና በመንግሥታዊ ሰነዶች ያለው አጠቃቀም

በቻይንኛ ቋንቋ ቦታን ከሚያመለክቱ ቃላት መካከል «ጆንግ» በስምምነቶች፣ በደብዳቤዎችና በጨረታ ሰነዶች ላይ በብዛት ይገኛል። መሠረታዊ ፍቺው «መካከል» ሲሆን፣ እንደ አገባቡ «ውስጥ»፣ «ማዕከላዊ» እና «ቻይና» የሚሉ ትርጉሞችን ይይዛል። የሚጻፈውም ቀጥ ያለ መስመር ከላይ እስከ ታች መሐል ለመሐል በሚያልፍበት ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ነው።

ቃሉ ቦታን ሲያመለክት ከስም በኋላ ይገባል፤ ከስሙ በፊት ደግሞ «ዛይ» ይቀድማል። «ዛይ ሽዌይ ጆንግ» ሲባል «በውሃ ውስጥ» ማለት ነው። አማርኛም «በ»ን አስቀድሞ፣ «ውስጥ»ን አስከትሎ ስሙን ከሁለት ወገን ስለሚይዘው አገባቡ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንም። በዕለት ተዕለት ንግግር ለ«ውስጥ» የሚዘወተረው «ሊ» ሲሆን፣ «ጆንግ» ወደ ጽሑፍ ያደላል። ድርጊትን ከሚገልጽ ቃል በኋላ ሲመጣ ሥራው በመካሄድ ላይ መሆኑን ያሳያል፤ በግንባታ ሥፍራ የሚለጠፈው «ሺጎንግ ጆንግ» «ግንባታ በመካሄድ ላይ ነው» የሚል ማስታወቂያ ነው።

የአገሪቱ ስም «ጆንግጉዎ» የተመሠረተው በዚሁ ቃል ላይ ሲሆን፣ «ጉዎ» አገር ማለት ነው። ስሙ ተጽፎ ከተገኘባቸው ቅርሶች ቀደምት የሆነው እ.ኤ.አ በ1963 በሻንሺ ክፍለ ሀገር ባኦጂ የተገኘው «ሄ ዙን» የተሰኘ የነሐስ ዕቃ ነው። በዚያ ጽሑፍ ላይ ስሙ የሚያመለክተው በሉዎያንግ አካባቢ የነበረውን ማዕከላዊ ምድር እንጂ የዛሬዋን ቻይና አይደለም።

በመንግሥት ሥራ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው «ጆንግያንግ» የሚለው ቃል ነው። ፍቺው «ማዕከል» በመሆኑ «ማዕከላዊ መንግሥት» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ይሁን እንጂ በቻይና ሰነዶች ብቻውን ሲቆም በአብዛኛው የሚያመለክተው የኮሙኒስት ፓርቲውን ማዕከላዊ ኮሚቴ ነው፤ የአገሪቱ ካቢኔ የሚጠራው «ጉዎውዩዋን» ተብሎ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ትርጉም የሰነዱን አውጪ አካል ያሳስታል።

ምህጻረ ቃላትም እንዲሁ ያሻማሉ። እ.ኤ.አ በ2000 የተመሠረተውና ሁለተኛው የሚኒስትሮች ጉባዔ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2003 በአዲስ አበባ የተካሄደው የቻይና አፍሪካ የትብብር ፎረም በቻይንኛ «ጆንግፌይ» በሚል ይጀምራል፤ «ፌይ» አፍሪካን ይወክላል። እነዚሁ ሁለት ምልክቶች የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክም አጭር ስም ናቸው። «ጆንግ አይ» ደግሞ የቻይናና የኢትዮጵያ ወይም የቻይናና የግብጽ ሊሆን ይችላል፤ በቻይንኛ የሁለቱም አገሮች ስም «አይ» ብሎ ይጀምራልና። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሙሉው ስም እስኪታይ ድረስ መተርጎም አይገባም።

ምልክቱ ሳይለወጥ በወራጅ ድምፅ ሲነበብ «ዒላማን መታ» የሚል ግስ ይሆናል። «ጆንግቢያው» ጨረታ ማሸነፍ ነው፤ ለአሸናፊው ተቋራጭ የሚላከው ደብዳቤም በዚህ ቃል ይጀምራል። በውል ሰነድ ላይ የሚገኘው «ጆንግሹን» ግን በመደበኛው ድምፅ ይነበባል። ትርጉሙ በደፈናው «በወሩ አጋማሽ» ሳይሆን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከወሩ 11 እስከ 20 ያሉት አሥር ቀናት በመሆኑ፣ የርክክብ ጊዜ የሚታሰበው በዚሁ መሠረት ነው።