የኤሌክትሪክ ሽቦ ውፍረት አመራረጥ በወረታ መሥሪያ ቤቶችና የሩዝ መፈልፈያዎች

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የወረታ ከተማ፣ በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝ ተፈልፍሎ ለገበያ የሚቀርብባት ማዕከል ናት። በከተማዋ ከሩዝ መፈልፈያ ሞተር ጀምሮ እስከ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተርና የክትባት ማቀዝቀዣ ድረስ ያሉ መሣሪያዎች አገልግሎት፣ ከዋናው መስመር በሚመጣው ኃይል ብቻ ሳይሆን ከቆጣሪው ወዲህ በተዘረጋው ሽቦ ውፍረትም ይወሰናል።

የሽቦ መጠን የሚለካው በካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ልኬቱ የሚያመለክተው የፕላስቲክ ልባሱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን የመዳብ ስፋት ነው። በገበያ የሚገኙት የተለመዱ መጠኖች 1.5፣ 2.5፣ 4፣ 6፣ 10 እና 16 ናቸው። በተለመደው አሠራር 1.5 ለመብራት፣ 2.5 ለሶኬት፣ 4 እና ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ለምጣድ፣ ለምድጃና ለሞተር ይውላሉ። ይሁን እንጂ ልማዱ መነሻ እንጂ መደምደሚያ ስላልሆነ፣ ተገቢውን መጠን ለመወሰን ሦስት ነገሮችን ማመዛዘን ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የጭነቱ መጠን ነው። የመሣሪያው ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል የሚስበው አምፔር ይገኛል። ለምሳሌ በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ክበብ የሚገኝ 3 ሺህ 500 ዋት የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል። በ380 ቮልት የሚሠራ ባለ ሦስት ፌዝ የ15 ኪሎ ዋት መፈልፈያ ሞተር ደግሞ በሙሉ ጭነት 30 አምፔር ገደማ የሚፈልግ ሲሆን፣ በሚነሳበት ቅጽበት የዚህን ብዙ እጥፍ ይስባል። ትክክለኛው መጠን በሞተሩ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ይነበባል።

ሁለተኛው ሽቦው የሚያልፍበት ሁኔታ ነው። በአንድ ቱቦ ውስጥ የታጨቁ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተዘረጉ ሽቦዎች ሙቀታቸውን በቀላሉ ስለማያስወጡ የመሸከም አቅማቸው ይቀንሳል። ባለ 6 ሽቦ በቱቦ ውስጥ በ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ለባለ ሦስት ፌዝ ጭነት 36 አምፔር ያህል ሲሸከም፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ አቅሙ ወደ 31 ይወርዳል። ስለሆነም ከላይ ለተጠቀሰው ሞተር ባለ 10 ሽቦ መምረጥ ይገባል።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ኃይሉ በመንገድ ላይ ይባክናል። የሚቀንሰውን ቮልት ለማወቅ የመስመሩ ርዝመት በ2፣ በአምፔሩና በ0.018 ተባዝቶ ለሽቦው መጠን ይካፈላል። ምጣዱ ከማከፋፈያ ሳጥኑ 40 ሜትር ቢርቅ፣ በባለ 2.5 ሽቦ 9 ቮልት ገደማ፣ በባለ 4 ደግሞ 6 ቮልት ገደማ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ምርጫ 147 ዋት ያህል ኃይል እንጀራ ሳይጋግር ሽቦውን በማሞቅ ይባክናል፤ ክፍያው ግን በቆጣሪው ላይ ይመዘገባል።

ሽቦውን ከቃጠሎ የሚጠብቀው ብሬከር ነው። የብሬከሩ አምፔር ከጭነቱ ያላነሰ፣ ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው ደግሞ ያልበለጠ መሆን አለበት። ብሬከሩ በተደጋጋሚ ሲወርድ ሽቦውን ሳይቀይሩ በትልቅ ብሬከር መተካት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ብሬከሩ ዝም ሲል ሽቦው መጋሉን ይቀጥላል፤ ልባሱም ቀልጦ ለእሳት ምክንያት ይሆናል። የሩዝ ገለባና ብናኝ በሚከማችባቸው መፈልፈያዎች፣ እንዲሁም የወረቀት መዛግብት በሚቀመጡባቸው ክፍሎች አደጋው ይከፋል።

የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት በሚሞሉበት የፎገራ ሜዳ፣ ለጎርፍ በተጋለጡ ሥፍራዎች ሶኬትና ማከፋፈያ ሳጥን ጎርፉ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ መተከል፣ የመሬት መስመርም መዘርጋት ይኖርበታል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጁ "የኤሌክትሪክ ሽቦ" በማለት ብቻ ሳይወሰኑ መጠኑን በካሬ ሚሊ ሜትር፣ ዓይነቱን መዳብ ወይም አሉሚኒየም ብለው ሊገልጹ ይገባል። አሉሚኒየም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም ባሕርይው ከመዳብ 1.6 ጊዜ ገደማ ስለሚበልጥ ለተመሳሳይ ጭነት ወፍራም ሽቦ ይጠይቃል። ርክክብ ሲደረግም በሽቦው ላይ የታተመውን መጠን ከሰነዱ ጋር ማመሳከር ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 10 የሕንፃዎችን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚመለከት ሲሆን፣ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረትም የዝርጋታ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ባላቸው ባለሙያዎች መከናወን ይኖርበታል። ስሌቱን ማወቅ ኃላፊዎች ሥራውን ራሳቸው እንዲሠሩ ሳይሆን፣ የቀረበላቸውን ሥራ ጠይቀውና አረጋግጠው እንዲረከቡ ይረዳል።