የባልታዛር ልጅ ወይስ የሳልቫቶር? ስለ አንድ የሶቪየት ልብ ወለድና ስለ ፊልሙ

በ1962 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዘመን አቈጣጠር ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን ነው) በሶቪየት ኅብረት ሲኒማ ቤቶች ከታዩት ፊልሞች ሁሉ ብዙ ተመልካች ያገኘው «ቼሎቬክ አምፊቢያ» የተባለው ነበር፤ ትርጓሜውም «በውሃም በየብስም የሚኖር ሰው» ማለት ነው። ፊልሙን ያዘጋጁት ቭላዲሚር ቼቦታርዮቭና ጌናዲ ካዛንስኪ ሲሆኑ፥ የተሠራው በሌኒንግራድ በሚገኘው በሌንፊልም ድርጅት ነው። የተመልካቹም ቍጥር 65 ሚሊዮን ተኩል ያህል ደርሶ ነበር። የዚያን ጊዜ ሐያስያን ግን ፊልሙን ቀላል መዝናኛ ነው በማለት ነቅፈውታል፤ በተለይ በቡና ቤት ውስጥ የሚዘፈነው ስለ መርከበኛ የሚናገረው ዘፈን ብዙዎቹን አላስደሰታቸውም። ሕዝቡ ግን ዘፈኑንም ፊልሙንም ወደደ።

የታሪክ ተማሪ እንዲህ ያለውን ሥራ የሕፃናት ተረት ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ከመጽሐፍ የተወሰደ ፊልም ለታሪክ ምንጭ የሚሆነው ከመጽሐፉ በተለየበት ቦታ ነውና፤ የተለወጠው ነገር የለወጠውን ዘመን ያሳያል። እኔም እዚህ የምመረምረው አንዱን ለውጥ ብቻ ነው፤ እርሱም በውሃ ውስጥ የሚኖረው ወጣት የማን ልጅ ነው የሚለው ነው።

የመጽሐፉ ደራሲ አሌክሳንድር ቤልያዬቭ በ1884 ዓ.ም. በስሞሌንስክ ከተማ ከቄስ ቤተ ሰብ ተወለደ። በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ወደ ሕግ ትምህርት ዞረ፤ በጥብቅናም ሠራ። ኋላ የጀርባ አጥንት ነቀርሳ ይዞት ሰውነቱ በጀሶ ታስሮ ብዙ ዓመት በአልጋ ላይ ተኛ። ብዙ ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ይህ ሰው በ1928 ዓ.ም. ያሳተመው ልብ ወለድ፥ ከዓሣ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚዋኝ ወጣት መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በጥር 1942 ዓ.ም. ጀርመኖች ፑሽኪን የተባለችውን ከተማ ይዘው ሳሉ በዚያው ሞተ።

የልብ ወለዱ ታሪክ የሚፈጸመው በአርጀንቲና ባሕር ዳር ነው። ዶክተር ሳልቫቶር የተባለ ታላቅ የቀዶ ጥገና ሐኪም የአንድን ሕፃን ሕይወት ለማዳን የሻርክ ግልገል ስንጥብ ይተክልለታል። ስሙንም ኢክቲያንደር ይለዋል፤ ዓሣ ሰው ማለት ነው። ሕፃኑ ከወዴት መጣ? ለዚህ መልስ የሚሰጠው ክሪስቶ የሚባል የአገሩ ተወላጅ ሕንድ ነው። ክሪስቶ እንደሚተርከው የወንድሙ የባልታዛር ሚስት በጉዞ ላይ ሳለች ወልዳ ሞተች፤ ደካማውን ሕፃን ወደ ሳልቫቶር ቢወስደው ዶክተሩ ሕፃኑን ከተቀበለ በኋላ «ሞቷል» ብሎ መለሰው። ባልታዛርም ልጁ በሕይወት መኖሩን ሳያውቅ ሃያ ዓመት ያህል ኖረ። ዙሪታ የተባለው የሉል ነጋዴ ደግሞ ይህን ምስጢር በሰማ ጊዜ ወጣቱን ለሉል ፍለጋ ለማዋል ሲል አባትየውን ወደ ፍርድ ቤት ይገፋፋዋል።

በችሎቱ ላይ የአገሩ ጳጳስ ሳልቫቶርን፥ እግዚአብሔር በራሱ አርኣያ የፈጠረውን ሰው ለወጠ ብለው ይከሱታል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ይህን ክርክር ስናነብ ደራሲው የቄስ ልጅ መሆኑ ትዝ ይለናል፤ ጳጳሱን ክፉ አድርጎ ሣላቸው እንጂ የተናገሩትን ጥቅስ በሚገባ ያውቀዋል። ሳልቫቶርም ሲመልስ ባሕር ለሰው ልጅ ሰፊ መኖሪያ ሊሆን ይችል እንደ ነበር፥ ነገር ግን ሥራውን ያልገለጸው አሚራሎችና ጄኔራሎች መርከብ ለማስጠም እንዳይጠቀሙበት ሰግቶ መሆኑን ይናገራል። ንግግሩ ግሩም ነው፤ ዳሩ ግን የእኔ ልብ የሚያርፈው ልጅህ ሞቷል በተባለው ሰው ላይ ነው።

ይህ ጥያቄ በ1920ዎቹ ዓመታት ባዶ ምናብ አልነበረም። ልብ ወለዱ ከመታተሙ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1926 ዓ.ም.፥ ኢልያ ኢቫኖቭ የተባለ የሶቪየት የእንስሳት ርቢ ሊቅ የሰውንና የጦጣን ዘር ለማዳቀል ወደ ፈረንሳይ ጊኒ ሄዶ ነበር። ሙከራውን በቺምፓንዚዎች ላይ ጀመረ፤ ከዚያም አልፎ በሐኪም ቤት የተኙ አፍሪቃውያን ሴቶችን ሳያውቁ ለዚሁ ሥራ ለማዋል አሰበ። የቅኝ አገዛዙ ገዥ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ አይሆንም ስላለ ሐሳቡ ቀረ። ቤልያዬቭ ይህን ጉዳይ ዐውቆ ጻፈ አልልም። የምለው፥ ሊቃውንት በድኻ አገር ሕዝብ አካል ላይ ያላቸው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን በእርግጥ የተነሣ ጥያቄ ነበር ነው። እኛም አፍሪቃውያን እንደ መሆናችን ክሪስቶ የሚተርከውን ከሌላው አንባቢ በተለየ ጆሮ ብንሰማው የሚያስወቅስ አይመስለኝም።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ሥራው የተከናወነው ዩሪ ጋጋሪን ወደ ጠፈር በወጣበት በ1961 ዓ.ም. ነው። የባሕር ውስጡ ትርኢት በክሪሚያ ጠረፍ ተነሣ፤ የባኩ ከተማ አሮጌ ሠፈር ደግሞ የደቡብ አሜሪካ ወደብ መስሎ ታየ። ኢክቲያንደርን የሠራው ቭላዲሚር ኮሬኔቭና ጉቲዬሬን የሠራችው አናስታሲያ ቬርቲንስካያ ለዚሁ ሲሉ ጠልቆ መዋኘት ተማሩ፤ እርስዋ ገና አሥራ ሰባት ዓመት አልሞላትም ነበር። የኤድዋርድ ሮዞቭስኪ ካሜራ ያነሣው የባሕር ውስጥ ብርሃን እስከ ዛሬም ድረስ ውበቱ አልደበዘዘም።

በዚህ ውብ ሥራ ውስጥ ግን የተሰረቀው ሕፃን ታሪክ የለም። ወጣቱ የሳልቫቶር ልጅ ነው፤ ዶክተሩም ልጁን ከሞት ለማዳን የደከመ አባት ሆኖ ይታያል። ረዥሙ ችሎትም ቀርቷል። ይህን ክብር ያለውን ሽማግሌ የሠራው ቀድሞ በሌላ ፊልም ታላቁን ጴጥሮስን ሆኖ የታየው ኒኮላይ ሲሞኖቭ ስለሆነ፥ ተመልካቹ ሊጠረጥረው እንኳ አይችልም። ሳይንስ ንጹሕ ሆነ፤ በደለኛው ገንዘብ ወዳዱ ዙሪታ ብቻ ነው።

ለውጡን ፊልሙን ለማሳጠር የተደረገ ብቻ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የመጽሐፉ ነገር ሁሉ ሊገባ አይችልም። ነገር ግን ሕፃኑን የዶክተሩ ልጅ ማድረግ ታሪኩን ከማሳጠር ይልቅ ሐኪሙን ከነቀፋ ነጻ ማውጣት ነው። ሊቃውንቱ ሰውን ወደ ሰማይ ባወጡበት ዓመት፥ ያ ሐኪም ሕፃኑን ከማን ወሰደው ብሎ መጠየቅ ለማንም የሚያስደስት አልነበረም።

የባልታዛርም ዕጣ ከዚሁ ጋር ተለወጠ። በፊልሙ ዙሪታን የሚገድለው እርሱ ነው፤ ቍጣው ስለ ሴት ልጁ ስለ ጉቲዬሬ ነው። በመጽሐፉ ግን ኢክቲያንደር ወደ ሩቅ ባሕር ከሄደ በኋላ፥ አእምሮው የተናወጠው ሽማግሌ ማዕበል በተነሣ ቍጥር ወደ ባሕሩ ዳር ሮጦ ልጁን በስሙ ይጣራል።