ያልታመመችው አብሳይ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ለመሆኑ በሽታውን የማያውቀውስ? በቋንቋችን የሰው መታመም የሚታወቀው ሲተኛ ነው፤ «እገሌ እኮ ተኝቷል» ስንባል የእንቅልፍ ነገር እንዳልሆነ ገብቶን ልንጠይቀው እንሄዳለን። እስኪተኛ ድረስ ግን እያሳለውም ሆነ እያተኮሰው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ወደ እንጀራው ይገሠግሣል። ከሥራ የሚቀረው ጉልበቱ ሲከዳው እንጂ አጠገቡ ላለው ሰው አስቦ አይደለም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ከመቶ ዓመት በፊት በኒው ዮርክ የኖረች አንዲት አብሳይ ትታወሰኛለች።

ሜሪ ማለን ትባላለች። በ1869 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በአየርላንድ ተወልዳ፣ ገና በአፍላነቷ ውቅያኖስ ተሻግራ አሜሪካ ገባች። ስደተኛና ድኻ ነበረች፤ ባልም ልጅም አልነበራትም። ያላት ሀብት የእጇ ሙያ ብቻ ነበር፤ በእርሱም የባለጸጎች ቤት አብሳይ እስከ መሆን ደረሰች። በዚያ ዘመን ለአንዲት ስደተኛ ሴት ይህ ትንሽ ማዕረግ አይደለም፤ ደመወዙም ከልብስ አጣቢ ደመወዝ እጅግ ይሻላል። ይህችን የደመወዝ ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በነሐሴ 1906 ኦይስተር ቤይ በተባለ የባሕር ዳር መዝናኛ፣ አንድ የባንክ ሰው በተከራየው ቤት ከነበሩት 11 ነፍሳት 6ቱን ታይፎይድ ጣላቸው፤ የእኛ ሰዎች የአንጀት ተስቦ የሚሉት ነው። የቤቱ ባለቤት ጆርጅ ሶፐር የተባለ የንጽሕና አጠባበቅ መሐንዲስ ቀጥሮ ምክንያቱን እንዲያፈላልግ አደረገ። ሶፐር ውኃውንም ሌላውንም መርምሮ ሲያበቃ፣ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሥራዋን ትታ የሄደች አብሳይ እንደ ነበረች ሰማ። ዱካዋን ወደ ኋላ ቢከተል፣ ካገለገለቻቸው 8 ቤቶች በ7ቱ ታይፎይድ ገብቶ ኖሯል። ትኩስ ወጥ ተሕዋሱን ይገድለዋል፤ ሜሪ ግን ጥሬ ኮክ የተከተፈበት አይስክሬም አሳምራ ትሠራ ነበር።

በመጋቢት 1907 ከወጥ ቤቷ ገብቶ «በሽታ ታዛምቻለሽና ዐይነ ምድርሽን፣ ሽንትሽንና ደምሽን ለምርመራ ስጪኝ» አላት። እርሷም ትልቁን የሥጋ ሹካ አንሥታ አባረረችው። እውነቱን ለመናገር፣ ማን አያባርረው? ታምማ አታውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ አልተኛችም። በሰው ላይ ምልክት ሳያሳይ የሚኖር በሽታ መኖሩን በዚያን ጊዜ ሐኪሞቹ ራሳቸው ገና መረዳታቸው ነበር። በመጨረሻ ጆሴፊን ቤከር የተባለች ሐኪም ፖሊሶች አስከትላ መጥታ በግድ አስወሰደቻት። ኖርዝ ብራዘር በምትባል ደሴት ላይ ተገልላ ተቀመጠች። በ1909 ፍርድ ቤት ብትከራከርም አልተሳካላትም። በየካቲት 1910 ግን ዳግመኛ ለሰው ምግብ ላታበስል ቃል ገብታ ተለቀቀች።

ቃሉን መስጠት ቀላል ነበር። ልብስ አጣቢነት ተገኘላት፤ ነገር ግን በአብሳይነቷ ታገኘው የነበረውን ደመወዝ ማን ይተካላት? በጀርመን ከ1883 ጀምሮ የታመመ ሠራተኛ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ እስከ 13 ሳምንት የደመወዙን እኩሌታ እንዲያገኝ ሕግ ወጥቶ ነበር። በኒው ዮርክ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም፤ ቢኖርም ለታመመ ሰው እንጂ ለሜሪ አይሆናትም። እርሷ የተጠየቀችው ሳትታመም፣ ለሳምንታት ሳይሆን ለዕድሜ ልክ፣ ከምታውቀው አንድ ሥራ እንድትቀር ነው።

አልቀረችም። በ1915 በአንድ የሴቶች ሆስፒታል 25 ሰዎች በታይፎይድ ታመው 2ቱ ሲሞቱ፣ በወጥ ቤቱ «ሜሪ ብራውን» በሚል ስም ተቀጥራ ተገኘች። እስከዚህ ድረስ ልቤ ከእርሷ ጋር ነበር፤ ከዚህ ላይ ያመነታል። ስሟን የለወጠችው ሰዎቹ የሚሏትን ብታውቅ አይደለምን? ሁለቱ ሟቾችም እንጀራቸውን ፍለጋ ወይም ፈውስ ሽተው ወደዚያ ቤት የገቡ ሰዎች ናቸው። ይሁንና ሌላም ነገር አለ። በ1924 በዚያው ከተማ አልፎንስ ኮቲልስ የተባለ ዳቦ ቤት ያለው ሰው፣ ተሕዋሱን እንደሚሸከም እያወቀ ከዳቦ ቤቱ ተገኝቶ ተከሰሰ። ዳኛው ሥራውን በስልክ እንዲመራ ቃል አስገብቶ ለቀቀው። ኮቲልስ ዳቦ ቤት ነበረውና ከቤቱ ሆኖ መኖር ይችላል፤ ሜሪ በስልክ ወጥ መሥራት አትችልም።

ወደ ደሴቲቱ ተመልሳ ከ23 ዓመት በላይ ኖረች። ኋላ ላይ እዚያው ባለ ላቦራቶሪ ተቀጥራ ደመወዝ ታገኝ ነበር። በ1932 ግማሽ ጎኗ እስኪሰንፍ ድረስ ሥራ አላቋረጠችም፤ በኅዳር 1938 ስትሞትም ታይፎይድ እንዳለባት አላመነችም ይባላል።